ቀላሉ የዶሮ ፓይ፦ ከመረቁ እስከ ሽፋኑ

[የመክፈቻ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ብሎ ከንግግሩ ሥር ይቀራል]

አቅራቢ፦ የዛሬው ዝግጅት በአሜሪካ ቤቶች በብርድ ወራት ከሚዘወተሩት ምግቦች አንዱ የሆነውን የዶሮ ፖት ፓይ፣ ሊጥ መዳመጥ ሳያስፈልግ በቤት ውስጥ እንዴት ማዘጋጀት እንደሚቻል ያብራራል። ፓይ ሲባል በሊጥ ተሸፍኖ በኦቨን የሚጋገር ምግብ ሲሆን፣ የዶሮ ፖት ፓይ ደግሞ የተቀቀለ ዶሮ፣ ካሮት፣ አተርና ሽንኩርት በወፈረ ነጭ ሶስ ተለውሰው ከሊጥ ሽፋን ሥር የሚበስሉበት ዓይነት ነው።

ዝግጅቱ የሚያተኩረው ካሰሮል በሚባለው አሠራር ላይ ነው። ካሰሮል ጥልቀት ያለውና የኦቨን ሙቀት የሚችል ሰፊ ሳህን ማለት ሲሆን፣ በዚያው ሳህን ተጋግሮ በዚያው ለገበታ የሚቀርበው ምግብም በዚሁ ስም ይጠራል።

ለመሆኑ በመደበኛው ፓይና በካሰሮሉ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? በመደበኛው ፓይ ሊጡ ከታችም ከላይም ስለሚሆን፣ የታችኛው ሊጥ የመሙያውን እርጥበት እየጠጣ ጥሬ ሆኖ እንዳይቀር ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሊጡን በመዳመጫ ማሳሳት፣ ማቀዝቀዝና ሳይቀደድ ወደ ሳህኑ ማዛወርም ልምድ ይፈልጋል። መሙያ የሚባለው ከሊጡ ሥር የሚገባው ዶሮና አትክልት ከነሶሱ ነው። ካሰሮሉ የታችኛውን ሊጥ ፈጽሞ ያስቀራል፤ የላይኛውንም በማንኪያ እየተጨለፈ በሚጣል ለስላሳ ሊጥ ይተካዋል።

ከሊጡ ድካም የዳነ ሰው ታዲያ ምን ይቀረዋል? የሚቀረው ሶሱ ነው። ይህ ነጥብ በዝግጅቱ ሂደት ደጋግሞ የሚነሳ ነው፤ ምክንያቱም ቀላል የዶሮ ፓይ የሚሠራ ሰው ጊዜውንና ጥንቃቄውን ሁሉ ሊሰጠው የሚገባው ለሶሱ ሲሆን፣ ሶሱ ከተስተካከለ የቀረው ሥራ ያለ ብዙ ጭንቀት የሚያልቅ ነው።

[አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

አቅራቢ፦ ምግቡ ከየት መጣ? ሥጋን በሊጥ ሸፍኖ መጋገር በአውሮፓ፣ በተለይም በእንግሊዝ፣ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የታወቀ ልማድ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ የሚሠራው ሊጥ ከመበላት ይልቅ ሥጋውን ይዞ ለማብሰልና ለማቆየት የሚያገለግልበት ጊዜ ብዙ ነበር። እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ይህንኑ ልማድ ይዘው አትላንቲክን ተሻገሩ።

እ.ኤ.አ. በ1796 አሚሊያ ሲመንስ የተባለች ሴት በኮኔቲከት፣ ሃርትፎርድ ከተማ ያሳተመችው «አሜሪካን ኩከሪ» የተሰኘ መጽሐፍ፣ አሜሪካዊ ደራሲ የጻፈውና በዚያው አገር የታተመ የመጀመሪያው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ተብሎ ይታወቃል፤ በውስጡም የዶሮ ፓይ አሠራር ይገኛል። በፔንሲልቬኒያ በሚኖሩ የጀርመን ሰፋሪዎች ዘሮች ዘንድ ግን በዚሁ በፖት ፓይ ስም የሚጠራው ምግብ ሽፋን የሌለው ሲሆን፣ በአራት ማዕዘን የተቆራረጠ ሊጥ ከዶሮው ጋር በመረቁ ውስጥ የሚቀቀልበት ነው።

ምግቡን ወደ ዛሬው ቀላል መልኩ ያመጡት የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወጥ ቤት ለውጦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1915 ኮርኒንግ የተባለው የመስታወት ፋብሪካ ሙቀት የሚችለውን የፓይሬክስ ሳህን ለቤት እመቤቶች አቀረበ፤ በ1934 ካምቤል የተባለው የሾርባ ኩባንያ የእንጉዳይ ክሬም ሾርባ በቆርቆሮ አሽጎ ወደ ገበያ ሲያወጣ፣ ብዙ ቤቶች ሶስ መሥራቱን ትተው ቆርቆሮ መክፈት ጀመሩ፤ በ1951 ደግሞ በነብራስካ፣ ኦማሃ የሚገኘው ስዋንሰን የተባለው ኩባንያ በፍሪዘር የቀዘቀዘ፣ በኦቨን ከማሞቅ በቀር ሌላ ሥራ የማይፈልግ የዶሮ ፓይ መሸጥ ያዘ።

ዛሬም ቀላል አሠራር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የቆርቆሮው ሾርባ ነው። ሆኖም የቆርቆሮው ሾርባ ጨው የሚበዛበትና ጣዕሙም ዶሮው ራሱ ከሚሰጠው መረቅ የማይደርስ ሲሆን፣ ሶሱን ከመጀመሪያው መሥራት የሚወስደው ጊዜ ደግሞ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ይህ ዝግጅት የቆርቆሮውን መንገድ ወደ ጎን ትቶ፣ በመረቅና በወተት የሚሠራውን ሶስ ያስተምራል።

[ለአፍታ ዝምታ]

አቅራቢ፦ መጀመሪያ ስለ ዶሮው። ከ6 እስከ 8 ሰው ለሚመገብበት ካሰሮል 1 ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን አንድ ዶሮ ይበቃል፤ ተቀቅሎና ከአጥንቱ ተለይቶ ሲተፈተፍ ከ3 ኩባያ የማያንስ ሥጋ ይሰጣል። እዚህ ላይ ኩባያ የሚባለው 240 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዝ መለኪያ ሲሆን፣ ቤት ውስጥ ያለ ይህንኑ ያህል የሚይዝ ብርጭቆ፣ ሁሉንም ነገር በእርሱ ብቻ እስከለኩበት ድረስ፣ ሊተካው ይችላል። ከትናንት የተረፈ ጥብስ ዶሮ ወይም ከሱፐርማርኬት ተጠብሶ የተገዛ ዶሮም ለዚህ ምግብ የተመቸ ነው፤ በዚህ ጊዜ አጥንቱን ብቻ ቀቅሎ መረቅ ማውጣት ይቻላል።

ጥሬ ዶሮ ከሆነ ግን አንድ ጥያቄ ይነሳል። ይታጠብ ወይስ አይታጠብ? በኢትዮጵያ ቤቶች ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግሞ የሚታጠብ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስም የሚዘፈዘፍ በመሆኑ፣ ሳይታጠብ ወደ ድስት የሚገባ ዶሮ ለብዙ እናቶች ፈጽሞ የሚታሰብ አይደለም። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር በበኩሉ በብልት በብልቱ ተለይቶና ጸድቶ ታሽጎ የሚሸጥ ዶሮ እንዳይታጠብ ይመክራል፤ ምክንያቱም ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ እንደ ሳልሞኔላ ያሉትን በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ወደ ገንዳው፣ ወደ መክተፊያውና በአቅራቢያ ወዳለው ሰላጣ ስለሚረጫቸው ነው። ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ዶሮውን ካጠቡት ሰዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ዘንድ ባክቴሪያው በገንዳው ላይ ተገኝቷል።

ሁለቱን እንዴት ማስታረቅ ይቻላል? ቤት ውስጥ ታርዶ ላባው የተነጨ ዶሮ መታጠቡ ግድ ነው፤ የታሸገውን ዶሮም ማጠብ ካልተተወ በሚፈስ ቧንቧ ሥር ሳይሆን በጥልቅ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ በረጋ ውሃ ቢታጠብ፣ ወዲያውም ገንዳው፣ መክተፊያውና እጅ በሙቅ ውሃና በሳሙና ቢታጠቡ አደጋው ይቀንሳል። ተሕዋስያኑን የሚገድለው ሎሚው ሳይሆን ሙቀቱ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ይህ ይደገም፤ ተሕዋስያኑን የሚገድለው ሙቀቱ ነው፤ የሥጋው ወፍራም ክፍል 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ዶሮው ለመበላት በቅቷል፤ ይህንንም በትክክል የሚያረጋግጠው የምግብ ቴርሞሜትር ነው።

ዶሮው በቀዝቃዛ ውሃ ተሸፍኖ፣ ከግማሽ ሽንኩርት፣ ከአንድ ካሮት፣ ከጥቂት ጨውና ከአንድ ቅንጥብ ጦስኝ ጋር እሳት ላይ ይጣዳል። ውሃው መፍላት ሲጀምር እሳቱ ይቀነስና ድስቱ በዝግታ ብቻ እየተንተከተከ ይቆያል፤ ኃይለኛ መፍላት የደረቱን ሥጋ ያደርቀዋልና። የፈረንጅ ዶሮ በአንድ ሰዓት ገደማ ይበስላል። የሀበሻ ዶሮ ብዙ ጊዜ ዕድሜው የገፋና ሲሮጥ ያደገ በመሆኑ ሥጋው ጠንካራ ነው፤ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል፤ ለድካሙ የሚከፍለው ዋጋ ግን ትልቅ ነው፤ መረቁ ከፈረንጁ ዶሮ መረቅ እጅግ የሚጥም ይሆናል።

ሥጋው ከአጥንቱ ከተለየ በኋላ በጣት እየተተፈተፈ ይቀመጣል፤ መረቁ ተጠልሎ ለብቻው ይቀመጣል። መረቁን የሚደፋ ሰው የምግቡን ግማሽ እንደ ደፋ ይቁጠረው።

[አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ወደ ሶሱ መግባት ይቻላል። መረቅ በተፈጥሮው ቀጭን ነው፤ ታዲያ በምን ይወፍራል? በዱቄት። በፉርኖ ዱቄት ውስጥ ስታርች የሚባል፣ በዓይን በማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች የተከማቸ የእህሉ ኃይል ሰጪ ክፍል አለ። እነዚህ ቅንጣቶች በፈሳሽ ውስጥ ሲሞቁ ውሃ እየጠጡ ያብጣሉ፤ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አልፎ ወደ መፍላት ሲቃረብም እብጠታቸው እየጨመረ፣ በመካከላቸው ያለው ውሃ እንደ ልብ መፍሰሱን ያቆማል። ሶስ ወፈረ የሚባለው ይህ ሲሆን ነው።

ዱቄቱን በቀጥታ በሚፈላ መረቅ ላይ መነስነስስ ለምን አይሆንም? የማይሆነው፣ የዱቄቱ ውጫዊ ክፍል ሙቀቱ እንደ ነካው ወዲያው አብጦ ስለሚጣበቅና ውሃው ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ስለሚያግድ ነው፤ ውጤቱም ውጭው የሚያጣብቅ ውስጡ ደረቅ ዱቄት የሆነ ጓል ይሆናል። ዱቄቱ አስቀድሞ በቅቤ ከታሸ ግን ስቡ እያንዳንዱን ቅንጣት ከጎረቤቱ ለይቶ ስለሚሸፍነው፣ መረቁ ሲጨመር ቅንጣቶቹ በየራሳቸው ያብጣሉ፤ ጓልም አይኖርም። ዱቄትን በቅቤ አብስሎ ለማወፈሪያ የማዘጋጀቱ ዘዴ በፈረንሳይ አበሳሰል ሩ ይባላል።

መጠኑን በቃል መያዝ ይቻላል? በቀላሉ ይቻላል። ለ1 ኩባያ ፈሳሽ 2 የሾርባ ማንኪያ ቅቤና 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነው። ይደገም፤ ለ1 ኩባያ ፈሳሽ፣ 2 ማንኪያ ቅቤ፣ 2 ማንኪያ ዱቄት። ለዚህ ካሰሮል 2 ኩባያ መረቅና 1 ኩባያ ወተት፣ በድምሩ 3 ኩባያ ፈሳሽ ስለሚያስፈልግ፣ ቅቤውም ዱቄቱም 6 የሾርባ ማንኪያ ይሆናሉ ማለት ነው። ማንኪያው የሚለካው ተዝቆ ሳይሆን አፉ ተስተካክሎ ነው።

[ለአፍታ ዝምታ፤ አድማጭ እንዲጽፍ]

አቅራቢ፦ ሥራው የሚጀመረው ሰፊና ሥሩ ወፍራም በሆነ ድስት ነው። ቅቤው በመካከለኛ እሳት ይቀልጥና አንድ ትልቅ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ካሮትና ከተገኘ አንድ ዘንግ ሴለሪ በደቃቁ ተከትፈው ይጨመሩበታል። ለወጥ እንደሚደረገው ሽንኩርቱ እስኪጠቁር መቁላት እዚህ ቦታ የለውም፤ ሽንኩርቱ ብርሃን የሚያሳልፍና ልስልስ ሲሆን፣ ካሮቱም ቢላ ሲነካው መለስለስ ሲጀምር ይበቃል፤ ይህም 7 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ቀጥሎ ዱቄቱ በአትክልቱ ላይ ይነሰነስና በእንጨት ማማሰያ ሳያቋርጡ ይማሰላል። በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ድስቱ የተበላሸ ሊመስል ይችላል፤ ዱቄቱ ቅቤውን ጠጥቶ በአትክልቱ ዙሪያ ይጣበቃል፤ የድስቱም ሥር ቀጭን ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ መረቁ ሲገባ ቅርፊቱ ተላቆ ይቀልጣል። ለ2 ደቂቃ ያህል ሲማሰል የጥሬ ዱቄቱ ሽታ ይጠፋና በምትኩ ቀለል ያለ የተቆላ እህል መዓዛ ይወጣል። ያን መዓዛ የሚጠብቅ አፍንጫ ሰዓት ማየት አያስፈልገውም፤ ሽታው ሳይጠፋ መረቅ የጨመረ ሰው ግን የዱቄት ጣዕም እስከ ገበታው ይከተለዋል።

መረቁ ሞቅ ብሎ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በትንሽ በትንሹ ይጨመራል። የመጀመሪያው ግማሽ ኩባያ ሲገባ ድስቱ ውስጥ ያለው ወዲያው ጠጥሮ እንደ ሊጥ ይያያዛል፤ በደንብ ተማስሎ ሲዋሃድ ሌላ ግማሽ ኩባያ ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ሊፈጠን ይችላል። ወተቱ የሚገባው በመጨረሻ ነው። ከዚያም ሶሱ እስኪንተከተክ እየተማሰለ ይቆያል፤ ሳይንተከተክ የወረደ ሶስ ስታርቹ ሙሉ በሙሉ አላበጠምና ኦቨን ውስጥ ይቀጥናል።

መወፈሩ በምን ይታወቃል? ማንኪያው ሶሱ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ጀርባውን የሚሸፍን ከሆነ፣ በዚያም ላይ በጣት የተሰመረ መስመር ወዲያው ሳይደፈን ጠርቶ ከቆየ፣ ሶሱ ደርሷል። ከወፍራም አጥሚት ትንሽ ጠንከር ያለ መሆን ይኖርበታል። በጣም ከወፈረ ጥቂት መረቅ፣ ከቀጠነ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ተጨማሪ እሳት ያስተካክለዋል።

አሁን የተተፈተፈው ዶሮና 1 ኩባያ አረንጓዴ አተር ይጨመራሉ፤ አተሩ ከፍሪዘር የወጣ ቢሆንም ማቅለጥ አያስፈልግም። ጨው የሚቀመሰው በዚህ ጊዜ ነው፤ መረቁ ቀድሞ ጨው ስላለው ከመጀመሪያው መጨመር ምግቡን ጨው ሊያበዛበት ይችላል። ቁንዶ በርበሬና ጦስኝ ይከተላሉ። አሜሪካውያን ለዚህ ምግብ የሚጠቀሙበት ታይም የተባለው ቅጠል በኢትዮጵያ ደጋ ከሚበቅለው ጦስኝ ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ተክል ስለሆነ፣ ሻይ ላይ ሲጣል የሚታወቀው መዓዛ በሶሱም ውስጥ ቦታውን አያጣም።

ስለ ቅቤው አንድ ነገር መታከል አለበት። ለዚህ ምግብ የሚሆነው ቅመም ያልገባበት የገበታ ቅቤ ነው። የተነጠረው የሀበሻ ቅቤ ዱቄቱን ለማብሰል የሚያንሰው ነገር ባይኖርም፣ ኮረሪማው፣ በሶብላውና ኮሰረቱ ወተቱንና ጦስኙን ይውጧቸዋል፤ የሚወጣውም ምግብ ጥሩ ሊሆን ይችል ይሆናል እንጂ የዶሮ ፓይ አይሆንም። የዚህ ምግብ ጠባይ ለስላሳነቱ ነው፤ ያንን መጠበቅ ተገቢ ነው።

[አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

አቅራቢ፦ ቀጥሎ ሽፋኑ። 2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 3 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይደባለቃሉ። ቤኪንግ ፓውደር እርሾ ሳይገባ ሊጥ እንዲነፋ የሚያደርግ ዱቄት ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት ሶዳና አሲድ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኙ ተዋህደው ጋዝ ያወጣሉ። በድብልቁ ላይ ከፍሪጅ የወጣ 6 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ቅቤ ተቆራርጦ ይጨመርና በጣት ጫፍ እየታሸ እንዲፈረፈር ይደረጋል፤ የአተር ፍሬ የሚያህሉ የቅቤ ቁራጮች ቢቀሩ ይመረጣል።

ቅቤው ለምን ቀዝቃዛ ይሆናል? በቅቤ ውስጥ ውሃ አለ፤ ቀዝቃዛው ቁራጭ በጋለው ኦቨን ውስጥ ድንገት ሲቀልጥ ያ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሊጡን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ባለበትም ቦታ ክፍተት ይተዋል። ከእጅ ሙቀት የቀለጠ ቅቤ ግን ዱቄቱ ውስጥ ሰርጎ ስለሚቀር ሽፋኑ ከባድ ይሆናል።

ከዚያም ሩብ የጎደለ 1 ኩባያ ወተት ወይም አሬራ ይጨመራል። አሜሪካውያን ለእንዲህ ያለው ሊጥ ከወተት ይልቅ የሚመርጡት ቅቤ የወጣለትን ጎምዛዛ ወተት በመሆኑ፣ አሬራ ያለው ቤት የሚሻለውን ይዟል ማለት ይቻላል። ዕቃው በወይራ የታጠነ ከሆነ ግን የጢሱ ሽታ በሽፋኑ ላይ እንደሚታወቅ መገመት ይገባል። አሬራ ከሌለ በጥቂት ውሃ የቀጠነ እርጎም ይሠራል።

ሊጡ እንደ ዳቦ ሊጥ አይቦካም፤ አይታሽምም። ዱቄቱ እርጥበቱን እንደ ጠጣ፣ ገና ሸካራና ወጣ ገባ ሳለ፣ ማማሰሉ ይቆማል። ብዙ የታሸ ሊጥ በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ግሉተን፣ ማለትም ዳቦን የሚያያይዘውን ፕሮቲን፣ ስለሚያጠነክረው ሽፋኑ የሚጎተት ይሆናል።

አሁን አንድ ጥያቄ ይቅረብ። ሊጡ ሲጣልበት መሙያው ሙቅ ይሁን ወይስ ቀዝቃዛ? ሙቅ ነው። ይህ ሁለተኛው ዋና ነጥብ ስለሆነ ይደገም፤ መሙያው የሚንተከተክ ያህል ሙቅ ሆኖ ወደ ፓይሬክሱ ይገለበጣል፤ ሊጡም ወዲያው ይጣልበታል። ቀዝቃዛ መሙያ ላይ የተጣለ ሊጥ ከላይ ቡናማ ሲሆን ከሥሩ ጥሬና ዝልግልግ ሆኖ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ኦቨኑን የሚያማርርበት ጉድለት መነሻው ይህ ነው። የሊጡ ጉብታዎችም ተጣብቀው መድፈን የለባቸውም፤ እንፋሎቱ የሚወጣበትና ሶሱ የሚታይበት ክፍተት በመካከላቸው ይተዋል።

ኦቨኑ አስቀድሞ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲግል ይደረጋል። ሶሱ ሞልቶ ሊፈስ ስለሚችል ከፓይሬክሱ ሥር ፓትራ ማድረግ ከጽዳት ያድናል። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሽፋኑ ወርቃማ ቡናማ ይሆናል፤ በዳርቻውም ሶሱ ሲፈላ ይታያል። ከመካከል አንዱን ጉብታ በሹካ ገልጦ ሥሩ እንደ ዳቦ መድረቁን ማየት ከሁሉም የሚሻል ማረጋገጫ ነው። ከወጣ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ቢያርፍ ሶሱ ይረጋል፤ ምላስም አይቃጠልም።

[ለአፍታ ዝምታ]

አቅራቢ፦ ምግቡ በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ደጋ ከተማ የሚሠራ ከሆነ የሚለወጥ ነገር አለ? አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማይተናነስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ዶሮውም ካሮቱም በቆላ ከሚወስዱት የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝም ሊጡን አብዝቶ ይነፋውና መልሶ እንዲሟሽሽ ሊያደርገው ይችላል፤ በዚህ ምክንያት መጠኑን ከ3 የሻይ ማንኪያ ወደ 2 ወይም ከዚያ ጥቂት ወደሚበልጥ ማውረድ ይመከራል። በኮሎራዶ፣ ዴንቨርና አካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ከተማቸው 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ይህንኑ በመጠኑ ሊያስቡበት ይገባል።

ኦቨን የሌለው ቤትስ? በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሜሪካ ኦቨን ያልነበረው ቤት የሚጋገረውን ምግብ በከባድ የብረት ድስት አድርጎ፣ ፍም ከሥሩም ከክዳኑም ላይ በማድረግ ያበስል ነበር። ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች እሳት አድርጎ መጋገር የሚያውቅ ሰው ለዚህ አዲስ አይደለም። መሙያው ሙቅ ስለሆነ ከሥር የሚያስፈልገው እሳት ጥቂት ነው፤ ሽፋኑን የሚያበስለው ከላይ ያለው ፍም በመሆኑ ብዛቱ ወደ ክዳኑ ያደላል። ሽፋኑም እስኪጠነክር ድረስ ክዳኑን ደጋግሞ መክፈት አይገባም።

በእስራኤል ለሚኖሩ፣ ኮሸር የሚባለውን የአይሁድ የአመጋገብ ሥርዓት ለሚጠብቁ ቤተሰቦች ደግሞ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል፤ ሥርዓቱ ሥጋና ወተት እንዲቀላቀሉ አይፈቅድም፤ ዶሮም በዚሁ ደንብ ውስጥ ይካተታል። በዚህ ጊዜ ቅቤው በዘይት፣ ወተቱም በመረቅ ይተካል፤ ሶሱ ነጭነቱ ቢቀንስም ውፍረቱ አይጎድልም፤ ምክንያቱም የሚያወፍረው ወተቱ ሳይሆን ዱቄቱ ነው። በሽፋኑም ላይ 6ቱ ማንኪያ ቅቤ በሩብ ኩባያ ያህል ዘይት፣ ወተቱ በውሃ ይለወጣል፤ ፍርክስክስነቱ ጥቂት ቢቀንስም ደህና ሽፋን ይወጣዋል።

ይህ ምግብ ዶሮ፣ ቅቤና ወተት ያለበት በመሆኑ ለኦርቶዶክስ አማኝ የፍስክ ምግብ ነው። ለጾም ቀን ግን ከላይ በተነገረው የዘይት አሠራር ላይ የዶሮው ቦታ በእንጉዳይና በድንች፣ መረቁም በአትክልት መረቅ ተተክቶ ሊዘጋጅ ይችላል። እንጉዳዩ ለብቻው ተጠብሶ ውሃው ከደረቀ በኋላ ቢጨመር ሶሱን አያቀጥነውም።

[ሙዚቃ በዝቅተኛ ድምፅ ይገባል]

አቅራቢ፦ የተረፈው እንዴት ይቀመጥ? ካሰሮሉ ከኦቨን ከወጣ ሁለት ሰዓት ሳያልፍ ወደ ፍሪጅ መግባት አለበት፤ በፍሪጅ ውስጥም ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ትልቁ ፓይሬክስ እንዳለ ከገባ መካከሉ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ፣ ጥልቀት በሌላቸው ትናንሽ ዕቃዎች ቢከፋፈል ይሻላል። ሲሞቅ በማይክሮዌቭ ሽፋኑ ስለሚርስ፣ በኦቨን ውስጥ መጀመሪያ ተሸፍኖ፣ በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ተከፍቶ ይሞቃል፤ መካከሉም እንደገና 74 ዲግሪ መድረስ ይኖርበታል። ለሌላ ቀን ለማቆየት የሚፈልግ ቤት ሽፋኑን ሳይጨምር መሙያውን ብቻ በፍሪዘር ያስቀምጥ፤ በሚያስፈልግበት ቀን ድስት ላይ በጥቂት መረቅ እየተማሰለ ሲንተከተክ፣ የተለያየው ሶስ ተመልሶ ይዋሃዳል፤ ትኩስ ሊጥም ይጣልበታል።

[የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ይላል]